ሦስት ኮንቴይነር ወይስ ሁለት? ለጎንደር አስመጪ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ጎንደር ውስጥ የግንባታ ማጠናቀቂያ ዕቃ አስመጣለሁ፤ ሱቄ ፒያሳ፣ መጋዘኔ አዘዞ ነው። ባለፈው ጊዜ ከቻይና ከሦስት ፋብሪካዎች ሦስት ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር አስመጣሁ። አንደኛው 60 በ60 የሆነ የወለል ሴራሚክ 900 ካርቶን፣ ሁለተኛው 125 የሽንት ቤት መቀመጫ፣ ሦስተኛው 14 ሜትር ኩብ የፕላስቲክ ኮርኒስ ይዘው ነበር። የሴራሚኩን በር ስከፍት ከግማሽ በላይ አየር ነው። የኮርኒሱም ቢሆን አልሞላም። ትራንዚተሬ (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚዬ) በሚቀጥለው ሁሉንም በአንድ ባለ 40 ጫማ ጠቅልለው ይላል፤ ፋብሪካው ደግሞ የሴራሚክ ኮንቴይነር ከዚህ በላይ አይጫንም ይለኛል። ማናቸው ናቸው ልክ?»

ፋብሪካው ስለ ክብደት የነገረዎት እውነት ነው፤ ትራንዚተርዎም ብክነቱን ማየታቸው ትክክል ነው፤ መፍትሔው ግን ባለ 40 ጫማ አይደለም። ኮንቴይነር ሲከራዩ የሚከፍሉት ለሁለት ነገር ነው፤ ለሚሸከመው ክብደትና ለሚይዘው ስፋት፣ ማለትም በሜትር ኩብ ለሚለካው ቦታ። የሴራሚኩ ኮንቴይነር ክብደቱን ጨርሶ ስፋቱን ባዶ ይዞ መጣ። የሽንት ቤት መቀመጫው ስፋቱን ጨርሶ ክብደቱን ሳይነካ መጣ። ኮርኒሱ ሁለቱንም ሳይጨርስ መጣ። ከባዱንና ቀላሉን ዕቃ በአንድ ጣሪያ ሥር ቢያገናኙ ኖሮ አንድ ሙሉ ኮንቴይነር ይቀርልዎ ነበር።

ወደ ቁጥሩ እንግባ። የተለመደው ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር በውስጡ ርዝመቱ 5.90 ሜትር፣ ወርዱ 2.35 ሜትር፣ ቁመቱ 2.39 ሜትር ገደማ ስለሆነ 33 ሜትር ኩብ ያህል ይይዛል። ከፍተኛው ጠቅላላ ክብደት ብዙውን ጊዜ 30,480 ኪሎ ሲሆን የራሱ የኮንቴይነሩ ብረት ከ2,200 እስከ 2,300 ኪሎ ስለሚመዝን ለዕቃው 28 ቶን ግድም ይቀራል፤ ይህ ቁጥር የእያንዳንዱ ኮንቴይነር በር ላይ ተጽፎ ስለሚገኝ ከሰው አፍ ሳይሆን ከበሩ ይውሰዱት። ከፍ ያለ ጣሪያ ያለው ባለ 40 ጫማ ደግሞ 76 ሜትር ኩብ ያህል ይይዛል፤ የሚሸከመው ግን እንደ ኮንቴይነሩ ከ26.5 እስከ 28.5 ቶን ገደማ ብቻ ነው። ብዙ ነጋዴ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ርዝመቱ እጥፍ ስለሆነ ጭነቱም እጥፍ ይመስለዋል። የራሱ ብረት ከባድ ስለሆነ ከታናሹ ያነሰ ወይም ቢበዛ ከእርሱ ጋር የሚቀራረብ ክብደት ይሸከማል። ባለ 40 ጫማ የሚመቸው ለፍራሽ፣ ለሶፋ፣ ለፕላስቲክ ወንበርና ለመሳሰለው ቀላል ዕቃ ነው። የእርስዎ ዕቃ በሙሉ ሲደመር 35 ቶን ስለሚመዝን የትራንዚተርዎ ሐሳብ በሕግም በብረትም አይፈቀድም።

አሁን የእርስዎን ሦስት ዕቃዎች እንይ። አንድ ካርቶን ሴራሚክ 4 ፍሬ ይይዛል፤ 1.44 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ 30 ኪሎ ያህል ይመዝናል ብለን እንያዝ፤ 900 ካርቶን 27 ቶን ይሆናል፣ የሚይዘው ቦታ ግን 14 ሜትር ኩብ ብቻ ነው። አንድ የሽንት ቤት መቀመጫ በካርቶኑ 72 በ40 በ76 ሳንቲ ሜትርና 40 ኪሎ ቢሆን 125ቱ 5 ቶንና 27 ሜትር ኩብ ይወጣቸዋል። ኮርኒሱ 14 ሜትር ኩብና 3 ቶን ነው። ድምሩ 35 ቶንና 55 ሜትር ኩብ ይመጣል። ሁለት ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነሮች በአንድ ላይ 56 ቶን የሚሸከሙና 66 ሜትር ኩብ የሚይዙ በመሆናቸው፣ በወረቀት ላይ ዕቃው ለሁለት ሲካፈል በእያንዳንዱ 17.5 ቶንና 28 ሜትር ኩብ ሆኖ ይገባል።

17.5 ቶን የሚለው ቁጥር በአጋጣሚ የመጣ ቢሆንም ለጎንደር አስመጪ እጅግ የሚመች ነው። መርከቡ የሚቆጥረው ኮንቴይነር ነው፤ መኪናው የሚቆጥረው ኩንታል ነው። ከሞጆ ደረቅ ወደብ እስከ ጎንደር ያለው ወደ 800 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ የሚሸፈነው በከባድ መኪና ሲሆን፣ ተሳቢ ያለው መኪና በአገራችን የሚታወቀው በ400 ኩንታል (40 ቶን) ጭነቱ ነው። ሁለት ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነሮች፣ አንዱን ከፊት አንዱን ከተሳቢው አድርጎ ይይዛል። የኮንቴይነሮቹ ብረት በራሱ 4.5 ቶን ስለሚወስድ ለዕቃ የሚቀረው 35.5 ቶን ነው። ስለዚህ ለመርከቡ ብለው 27 ቶን የሞሉት የሴራሚክ ኮንቴይነር ወደብ ላይ ትርፍ መስሎ ይታያል እንጂ ሞጆ ሲደርስ ጓደኛ የሚሆነውን ኮንቴይነር መምረጥ ይጀምራል፤ ሌላ ከባድ ኮንቴይነር አብሮት ሊጫን አይችልም፤ ቀላሉን ቢያገኝም የመኪናውና የተሳቢው ሚዛን ይዛባል። እያንዳንዳቸው 17 ቶን ገደማ የያዙ ሁለት ኮንቴይነሮች ግን በአንድ መኪና፣ በአንድ ሾፌር፣ በአንድ ጉዞ ጎንደር ይገባሉ። ባለፈው ጊዜ ሦስቱን ለማጓጓዝ ከአንድ መኪና በላይ እንዳስፈለገዎ እገምታለሁ።

ነገር ግን 55 ሜትር ኩብ በ66 ውስጥ ይገባል ማለት ካርቶኖቹ በእርግጥ ይገባሉ ማለት አይደለም። ካርቶን ውኃ አይደለም፤ ቅርጽ አለው። የተለያየ መጠን ያላቸው ሣጥኖች በአንድ ኮንቴይነር ውስጥ ከሁሉ በተሻለ መንገድ እንዴት ይደረደራሉ የሚለው ጥያቄ የሒሳብ ሊቃውንትንም ያደከመ ነው፤ የሣጥኑ ብዛት ትንሽ ሲጨምር መሞከር ያለበት አማራጭ ለኮምፒዩተር እንኳ ከአቅም በላይ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1980 ጆርጅና ሮቢንሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ያቀረቡት መላ እስከ ዛሬ ከምንጠቀምባቸው አንዱ ነው፤ ከኮንቴይነሩ የውስጥ ጫፍ ተነሥቶ በወርዱ ልክ አንድ ግድግዳ መደርደር፣ ያ ሲያልቅ ቀጣዩን ግድግዳ መጀመር፣ እንዲህ እያሉ እስከ በሩ መድረስ ነው። ልምድ ያላቸው ጫኞች ማንም ሳያስተምራቸው የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው።

የሽንት ቤት መቀመጫውን ካርቶን ምሳሌ እናድርግ። ካርቶኑ መቆም ያለበት በ76 ሳንቲ ሜትር ቁመቱ ስለሆነ፣ ወለሉ ላይ የሚይዘው 72 በ40 ነው። በወርዱ 5 ካርቶኖችን በ40 ጎናቸው ቢደረድሩ 2 ሜትር ይሆንና 35 ሳንቲ ሜትር ይባክናል፤ በ3.60 ሜትር ርዝመት ውስጥ 25 ካርቶን ይገባል። 3 ካርቶኖችን በ72 ጎናቸው ቢያደርጉ 2.16 ሜትር ይሆናል፤ በዚያው ርዝመት 27 ይገባል። አንዱን በ72፣ አራቱን በ40 ጎናቸው ቢያጋጥሙ ደግሞ 2.32 ሜትር ሆኖ የሚባክነው 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ በዚያው ርዝመት 29 ካርቶን ይገባል። ያው ካርቶን፣ ያው ኮንቴይነር፣ በአቀማመጥ ብቻ የ4 ካርቶን ልዩነት መጣ።

ይህን ያዩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ 29ኙን ይዘው ወደ ፋብሪካው ይጽፋሉ። እኔ 27ቱን እንዲይዙ እመክርዎታለሁ። ምክንያቱም ፋብሪካው የሚነግርዎ የካርቶኑ ልክ ብዙውን ጊዜ ባዶው ካርቶን ሲታጠፍ የተለካው ነው፤ የሸክላ ዕቃ ከነመከላከያው ሲገባበት ጎኑ ይነፋል። እያንዳንዱ ካርቶን 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢነፋ አምስቱ በአንድ ረድፍ 5 ሳንቲ ሜትር ይጨምራሉ፤ የነበረዎ ትርፍ 3 ስለሆነ የመጨረሻው ካርቶን አይገባም፤ ወይም በጉልበት ይገባና ይሰነጠቃል። የታሸገውን ካርቶን በሜትር ለክተው ፎቶግራፍ እንዲልኩልዎ ይጠይቁ፤ ከዚያ በኋላ 29 የሚያዋጣ ከሆነ ይጠቀሙበት።

ሙሉው አቀማመጥ በእያንዳንዱ ኮንቴይነር እንዲህ ይሆናል። ሴራሚኩ በጠርዙ ቆሞ፣ በፓሌት (በእንጨት መደላድል) ላይ ታስሮ፣ ወለሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሸፍናል። በጠርዝ ማቆሙ ግዴታ ነው፤ ሴራሚክ ተኝቶ ከተደራረበ የታችኛው የላይኛውን ክብደት እየተሸከመ በየጉድጓዱ ሲንገጫገጭ ይሰበራል። ቆሞ ቁመቱ 61 ሳንቲ ሜትር፣ ፓሌቱ 12፣ በአንድ ላይ 73 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በላዩ ኮምፔርሳቶ ይነጠፋል። ከዚያ አንድ ሙሉ ንጣፍ የሽንት ቤት መቀመጫ በሦስት በሦስት ረድፍ፣ 14 ረድፍ፣ 42 ካርቶን ይቀመጣል። ሁለተኛው ንጣፍ ከውስጥ ጫፍ ጀምሮ 6 ረድፍ፣ 18 ካርቶን ብቻ ሆኖ ይቆማል፤ ከዚያ እስከ በሩ ባለው የላይኛው ክፍት ቦታ ኮርኒሱ በርዝመቱ ይገባል። ከወለሉ እስከ ሁለተኛው ንጣፍ ጫፍ 2.27 ሜትር ገደማ ስለሚደርስ በጣሪያው በኩል ጥቂት ይተርፋል፤ የበሩ ቁመት ግን 2.28 ሜትር አካባቢ በመሆኑ፣ ሁለተኛው ንጣፍ በሩ አጠገብ ሳይሆን ውስጥ እንዲሆን የፈለግሁት ለዚህ ነው።

ስለ ኮርኒሱ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ስለማያስበው ነው። በዚህ አቀማመጥ ለኮርኒሱ የሚተርፈው 3.50 ሜትር ያህል ስለሆነ 3 ሜትሩ አንድ ጊዜ ይገባል፤ ሌላ ጊዜ ኮርኒሱን በኮንቴይነሩ ሙሉ ርዝመት ሁለት ጊዜ ልደርድር ቢሉ ግን 3 ሜትር የሆነው በ5.90 ሜትር ውስጥ አይገባም፤ 2.90 ሜትር የሆነው ይገባል። የፕላስቲክ ኮርኒስ ፋብሪካ በሚፈልጉት ርዝመት ይቆርጥልዎታል፤ ያኔ ትዕዛዙ ላይ 2.90 ብለው መጻፍ ይችላሉ። ጎንደር ላይ 3 ሜትር ስፋት ላለው ክፍል 10 ሳንቲ ሜትር ይጎድላል የሚል ደንበኛ ካለዎ ግን ያንን ከገበያው ጋር እርስዎ ያመዛዝኑ።

በዚህ አቀማመጥ ትዕዛዙ እንዳለ አይገባም፤ ጥቂት መከርከም አለበት። ሴራሚኩ ከ900 ወደ 870፣ መቀመጫው ከ125 ወደ 120፣ ኮርኒሱ ከ14 ወደ 11 ሜትር ኩብ ይወርዳል። ክብደቱ ከነፓሌቱና ከነኮምፔርሳቶው 34 ቶን፣ የኮንቴይነሮቹ ብረት ሲጨመር 38.5 ቶን ይሆናል፤ ከ400 ኩንታሉ በታች ነው። ከጠቅላላው ስፋት የተሞላው ከመቶ 77 ያህል ነው። ይህ ዝቅ ያለ መስሎ ይታይዎ ይሆናል፤ ቅርጻቸው ለተለያየ የካርቶን ዕቃዎች ግን ከ80 በላይ የሚል ዕቅድ ሲቀርብልዎ በጥርጣሬ ይመልከቱት። 3 ሜትር ኩብ ኮርኒስ፣ 5 መቀመጫና 30 ካርቶን ሴራሚክ መተው አንድ ኮንቴይነር ከመክፈል በእጅጉ ይረክሳል።

ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው ከትዕዛዙ በፊት ከታሰበ ብቻ ነው። ባለፈው ጊዜ ሦስት ኮንቴይነር የመጣልዎ ሦስት ፕሮፎርማ (ሻጩ አስቀድሞ የሚሰጠው የዋጋ ሰነድ) ስለነበረ ነው፤ እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱን ዕቃ በራሱ ኮንቴይነር ጭኖ ላከ፤ ከዚያ ውጭ ሊያደርግ የሚገደድበት ምክንያት አልነበረውም። አሁን ሦስቱንም ሰብስቦ በአንድ ስም የሚልክ ላኪ ያስፈልግዎታል፤ ፕሮፎርማውም፣ የባንኩ ሰነድም፣ የማጓጓዣ ሰነዱም በእርሱ በኩል አንድ መሆን አለበት። የውጭ ምንዛሪው በሦስት ፕሮፎርማ ከተፈቀደ በኋላ ወደ አንድ ልለውጠው ቢሉ የሚጠፋው ጊዜ የኮንቴይነሩን ትርፍ ይበላዋል። የሴራሚክ ፋብሪካዎች በብዛት የሚገኙት ፎሻን፣ የሽንት ቤት መቀመጫ ፋብሪካዎች ደግሞ ቻውዡ ሲሆን ሁለቱም በአንድ ክፍለ ሀገር፣ በጓንግዶንግ ውስጥ ናቸው፤ ስለዚህ ማሰባሰቡ ከባድ አይሆንም። ከባዱ ዕቃ ባለበት ቦታ መሰብሰብ ይመረጣል፤ ቀላሉ ወደ ከባዱ ይሄዳል። የኮርኒሱ ፋብሪካ ሩቅ ከሆነ የውስጥ ማጓጓዣውን ዋጋ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ከዚያው አካባቢ ሌላ አቅራቢ መፈለግ የተሻለ ሊሆን ይችላል።

ጉዳቱንም ልደብቅዎ አልሻም። ሦስት ዓይነት ዕቃ በአንድ ኮንቴይነር ሲገባ የአንዱ ሰነድ ከተበላሸ ሌሎቹም አብረው ይታሰራሉ፤ ጉምሩክም ሊፈትሽ ቢፈልግ አንዱን ብቻ አውጥቶ ማየት ይከብደዋል። ስለዚህ ፓኪንግ ሊስቱ (የጭነቱ ዝርዝር) እያንዳንዱ ዕቃ በየትኛው ኮንቴይነር፣ በየትኛው ንጣፍ፣ ስንት እንደሆነ በግልጽ ይናገር። ሁለቱ ኮንቴይነሮች ተመሳሳይ ይዘት እንዲኖራቸው ያደረግሁት ሚዛናቸው እኩል እንዲሆን ስለሆነ፣ አንዱ ቢዘገይ እንኳ ከሦስቱም ዕቃ ለሱቅዎ የሚሆን ይደርስዎታል። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2016 ጀምሮ ደግሞ የተሞላ ኮንቴይነር የተረጋገጠ ጠቅላላ ክብደቱ ካልቀረበ መርከብ ላይ እንደማይወጣ ዓለም አቀፉ የባሕር ደኅንነት ስምምነት ይደነግጋል፤ የሚመዝነው ላኪው ነው፤ ከግምት የተጻፈ ቁጥር አይቀበሉ። የእንጨት ፓሌቱም 56 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት ለ30 ደቂቃ እንዳለፈ የሚያሳይ ማኅተም ይኑረው።

ስለ ሚዛን ይህን ያህል የምደክመው አንድ ጊዜ ዋጋ ስለከፈልሁበት ነው። በወጣትነቴ ያስተናገድሁት አንድ ጭነት ነበር፤ ላኪው ሴራሚኩን ሁለት ፓሌት ደራርቦ በውስጠኛው ግማሽ ብቻ አድርጎ፣ በበሩ በኩል ቀላል የቤት ዕቃ ሞልቶት ነበር። ክብደቱ በሕጉ ውስጥ ነበርና ማንም አልጠየቀም፤ እኔም አልጠየቅሁም። መኪናው ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ በየፍሬኑ ጭነቱ ወደ ፊት ይገፋል፤ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ደጀን ሲወጣ ደግሞ ወደ በሩ ይመለሳል። በሩን ስንከፍት የላይኛው ረድፍ ሴራሚክ ዱቄት ሆኖ ጠበቀን። በተለምዶ የሚሠራበት ልክ ከኮንቴይነሩ ርዝመት በግማሹ ላይ ከጠቅላላው ክብደት ከመቶ 60 በላይ እንዳይሆን ነው፤ ሴራሚኩን ወለሉ ላይ ሙሉ ለሙሉ ያነጠፍነውም ከሁሉ በፊት ለዚህ ነው። በበሩ በኩል የሚቀረው ክፍተት በአየር በሚነፋ ከረጢት ወይም በእንጨት ይደገፍ፤ በዳገቱ ላይ በሩን የሚገፋው ያ ክፍተት ነው።

ወጪውን በዕቃዎቹ መካከል ሲያካፍሉም ይጠንቀቁ። በክብደት ብቻ ካካፈሉት ሴራሚኩ ከመቶ 78ቱን ይሸከምና ውድ መስሎ ይታይዎታል፤ በስፋት ብቻ ካካፈሉት 27 ብቻ ይደርሰውና መቀመጫው ከመቶ 52 ተሸክሞ የማያዋጣ ይመስላል። ሁለቱንም ቁጥሮች አማካይ ማድረግ ለእንዲህ ዓይነቱ ድብልቅ ጭነት ይበቃል፤ ሴራሚኩ 52.5፣ መቀመጫው 33፣ ኮርኒሱ 14.5 ያህል ይደርሳቸዋል። የሱቅ ዋጋዎን ከዚህ ይነሡ።

የመጨረሻው ጥያቄ ሞጆ ላይ ይራገፍ ወይስ ኮንቴይነሩ ጎንደር ድረስ ይምጣ የሚለው ነው። ሞጆ ላይ አራግፎ በተራ የጭነት መኪና መጫን ባዶ ኮንቴይነር ከመመለስ ያድናል፤ ሴራሚክና ሸክላ ግን በተነሡና በተቀመጡ ቁጥር ይሰበራሉ፤ ስለዚህ ለእርስዎ ዕቃ ኮንቴይነሩ አዘዞ ድረስ መምጣቱን እመርጣለሁ። ከበሩ መጀመሪያ የሚወጣው ኮርኒሱ ነው፤ ለፒያሳው ሱቅ የሚሄደውን ከዚያ ለይተው በትንሽ መኪና ያስወስዱ፤ ሴራሚኩ መጨረሻ ላይ በመጋዘኑ ይራገፋል። ጫኝና አውራጆቹን ከመኪናው መድረስ አንድ ቀን በፊት ይነጋገሩ፤ መኪና ቆሞ የሚቆጠርበት ቀንና ኮንቴይነሩ ከነጻ ጊዜው ሲያልፍ የሚመጣው ዲመሬጅ ያዳኑትን ገንዘብ በሁለትና በሦስት ቀን ይጨርሰዋል። አዘዞ አካባቢ ሰሊጥ ወይም ሽምብራ የሚልክ የሚያውቁት ነጋዴ ካለ ባዶውን ኮንቴይነር ይዞ ለመውረድ ይፈልግ እንደሆነ ይጠይቁት፤ የመርከብ ድርጅቱ ከፈቀደ፣ ውስጡም ተጠርጎ ሽታ ከሌለው፣ የመልሱ ኪራይ ለሁለት ይካፈላል።

ለጊዜው ፕሮፎርማ አይፈርሙ። በቅድሚያ ከሦስቱም ፋብሪካዎች የታሸገውን ካርቶን የተለካ ልክ፣ የአንዱን ካርቶን ጠቅላላ ክብደትና ስንት ድርብርብ እንደሚችል ይጠይቁ። የኔ ስሌት የተመሠረተው በተለመደው መጠን ላይ ነው፤ የመቀመጫው ካርቶን ከ76 ወደ 80 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ ሁለተኛው ንጣፍ ከበሩ ቁመት ስለሚበልጥና በጣሪያው በኩል የሚተርፈው እጅግ ስለሚያንስ አቀማመጡ እንደገና መሠራት አለበት።